የገዥና የሻጭ ስም፤ ከእንሴኖ የበርበሬ ገበያ እስከ ኢንተርኔት ገበያ

መግቢያ

ገበያ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አሳባችን የሚመጣው ዕቃና ገንዘብ ነው። ነገር ግን ከዕቃውና ከገንዘቡ ጋር በየገበያው የሚዞር ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም ስም ነው። እገሌ ሚዛኑ ቀና ነው፣ እገሌ ደግሞ ዱቤውን አይመልስም እየተባለ የሚነገረው ቃል አንዱን ለማበልጸግ፣ ሌላውን ለማደኽየት የሚበቃ ኀይል አለው። ስለዚህ የንግድን ታሪክ የሚመረምር ተማሪ ስለ ዋጋና ስለ ቀረጥ ብቻ ሳይሆን፣ ገዥና ሻጭ አንዱ በሌላው ላይ የሚሰጡት ምስክርነት በምን ሥርዓት ይሰጥ እንደ ነበረ፣ ፍትሕም ነበረበት ወይስ አልነበረበትም ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በዘመናችን ይህ ጥያቄ በአዲስ መልክ ተነሥቷል። በኢንተርኔት በሚደረገው ንግድ ገዥና ሻጭ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ አንዱ የሌላውን አገርና ወገን አያውቅም። በመተያየት ፈንታ የሚተማመኑት ከነሱ በፊት የገዙና የሸጡ ሰዎች ጽፈው በተዉት አስተያየትና በሰጡት የኮከብ ቍጥር ነው። ይህ ዘዴ ብዙዎች እንደሚያስቡት ፍጹም አዲስ ነገር አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቀድሞውን የገበያ ምስክርነት ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ አንድ ነገር ማስረዳት ነው፤ ይኸውም በገበያ የሚሰጥ ምስክርነት ፍትሐዊ የሚሆነው መስካሪው ሳይፈራ ለመናገር ሲችል፣ የተመሰከረበትም ሰው መልሱን የሚሰማለት ዳኛ ሲያገኝ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ስም የሚያወጣው እውነተኛው ሰው መሆኑ ይቀርና ድምፁ የሚሰማለት ሰው ይሆናል።

እንሴኖና በርበሬዋ

እንሴኖ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አካባቢው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ይተዳደር ነበር፤ ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ውስጥ ይገኛል። ከጉራጌ ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚዘልቀው ሜዳ በቆሎና በርበሬ ያበቅላል። በገበያዋም መስቃኑ፣ ማረቆውና ስልጤው ይገናኛሉ። የማረቆ በርበሬ ስሙ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው፤ ማረቆ ፋና የተባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ አካባቢ ነው።

በርበሬ ስለ ገበያ ስም ለሚያጠና ሰው ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ምክንያቱም ነውሩ የሚደበቅ ሸቀጥ ነው። ዛላው በጆንያ ታጭቆ በሚዛን ይሸጣል። ውሃ ቢረጩበት ክብደቱ ይጨምራል፤ ሲሰነብት ግን ይሻግታል፣ ሻጋታውም ለጤና አደገኛ ነው። ቀዩን ዛላ ከጆንያው አፍ፣ ነጣ ያለውንና የተሰባበረውን ከመካከል አድርጎ መክተትም ይቻላል። «ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል፤ ነገር ግን ዐይን የሚያየው የጆንያውን አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ገዥው የሻጩን ስም ይጠይቃል።

በገዥውም በኩል የሚደበቅ ነገር አለ። ሚዛኑ የተዛባ ሊሆን ይችላል። በጠዋት የተስማማበትን ዋጋ፣ ገበሬው አህዮቹን አራግፎ ከጨረሰ በኋላ ሊቀንስ ይችላል። ግማሹን ከፍሎ ቀሪውን ለሚቀጥለው ገበያ ብሎ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ሻጩም የገዥውን ስም መጠየቅ አለበት። መጽሐፈ ምሳሌ ሁለት ዓይነት ሚዛን መያዝን አጥብቆ እንደሚነቅፍ ሁሉ፣ በቁርኣንም ሰፍሮ የሚያጎድሉትን የሚወቅስ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ፤ ይኸውም ሱረቱል ሙጠፊፊን ነው። ሁለቱ የሃይማኖት መጻሕፍት ስለዚህ ነገር መናገራቸው ነገሩ ጥንታዊ መሆኑን ያመለክታል።

በዐይኔ ያየሁት አንድ ጉዳይ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ያየሁትን አንድ ጉዳይ እጠቅሳለሁ። ለዕረፍት ከሚስዮን ትምህርት ቤት ወደ ቤት በተመለስኩበት ጊዜ አጎቴ ሦስት ጆንያ በርበሬ ጭነው ወደ እንሴኖ ሲወርዱ አብሬ ሄድሁ። አንድ ነጋዴ ከአንደኛው ጆንያ ጐን እጁን አስገብቶ ጥቂት እርጥብ ዛላ አወጣና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ጋሼ፣ ይህ እኮ ውሃ የተረጨ ነው» አላቸው። አጎቴም ተቈጥተው «በርበሬዬ ሌሊት ዝናብ ነክቶት ይሆናል እንጂ ውሃ አልረጨሁም፤ ይልቅስ ሌባው ያንተ ሚዛን ነው» አሉት። ወዲያው ሌሎቹ ገዥዎች ፊታቸውን መለሱ።

ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ነገሩን ያዙት። ከመካከላቸው አንደኛው የሁለቱንም ክርክር ካዳመጡ በኋላ «እንግዲያውስ ጆንያው ይዘርገፍ፤ ሚዛኑም ይፈተን» አሉ። ጆንያዎቹ በሸራ ላይ ተዘረገፉ። ሁለቱ ደረቅ ሆነው ተገኙ፤ ሦስተኛው በአንድ ጐኑ ብቻ እርጥብ ነበር። ሚዛኑም ባልተከፈተ የ50 ኪሎ የማዳበሪያ ጆንያ ሲፈተን ሁለት ኪሎ ያህል አጎደለ። ሽማግሌዎቹ እርጥቡ በርበሬ ተለይቶ እንዲሰጣ፣ የደረቀውም በሌላ ሚዛን ተመዝኖ በጠዋቱ ዋጋ እንዲሸጥ ወሰኑ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ሁለቱም እጅ ተነሣሥተው ተለያዩ።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ነጋዴው በየገበያው ቀን በቦታው ይገኛል፤ ደላሎቹም የሱ ወዳጆች ናቸው። አጎቴ ግን በርበሬ ይዘው የሚመጡት ምርት ሲደርስ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የሚዛኑ ነገር ተረሳ። በሁለተኛው ዓመት ግን አጎቴ «ውሃ የረጩት ሰውዬ» እየተባሉ ይጠሩ ነበር፤ በርበሬያቸውንም በጎረቤታቸው ስም ቡታጅራ ወስደው ለመሸጥ ተገደዱ። ፍርዱ እኩል ሲሆን ስሙ እኩል አልሆነም። ከዚህ የምንማረው፣ የገበያን ትዝታ የሚይዘው በገበያው ውስጥ የሚቀመጠው ሰው መሆኑን ነው።

በቀድሞ ዘመን የነበሩ መንገዶች

በአገራችን የንግድ ታሪክ ሰዎች ይህን ችግር ለማቃለል የተጠቀሙባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው፣ በተቻለ መጠን በሰው ስም ሳይሆን በዕቃው ላይ በሚታይ ምልክት መተማመን ነው። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ዘመን ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይቀንስ ነበር። የማሪያ ቴሬዛን ብር የሚቀበሉ ነጋዴዎችም በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ጥርት ብለው መታየታቸውን ይመረምሩ ነበር። ምልክቱ በራሱ ላይ ያለ ነገር የባለቤቱን ስም አይፈልግም።

ሁለተኛው መንገድ በመካከል የሚቆም ሰው ነው። የሲራራ ነጋዴዎች ነጋድራስ የሚባል አለቃ ነበራቸው፤ እሱም ጉዞውን ይመራል፣ በነጋዴዎችም መካከል የሚነሣውን ጠብ ያያል። በኋላ ዘመን ነጋድራስነት የመንግሥት ሹመት ሆኖ ገበያንና ቀረጥን መቆጣጠር ተጨመረበት። በዱቤ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ዋስ ነበረ። ዋሱ ከቃሉ ጋር ገንዘቡንም ያስይዛል፤ የመሰከረለት ሰው ቢያጠፋ ከፋዩ እሱ ነው። ይህ ከዛሬው ኮከብ ጋር ሲተያይ ትልቅ ልዩነት አለው፤ ኮከብ የሚሰጥ ሰው በተሳሳተ ጊዜ የሚከፍለው ነገር የለም።

ሦስተኛው ደላላው ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን እ. ኤ. አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ እህል በረንዳ የሚሠሩ ደላሎች ከሩቅ አገር እህል የሚልክ ነጋዴ ከማያውቀው ገዥ ጋር እንዲገበያይ ያደርጉ እንደ ነበር አሳይተዋል። ላኪው ገዥውን አያውቀውም፤ ደላላውን ግን ያውቀዋል። ደላላው ሁለቱንም ያውቃል፤ እንጀራውም የተመሠረተው ባለማታለሉ ላይ ነው። ይህ በጎ ነገር ቢሆንም ጉድለት አለው፤ ደላላው በየቀኑ ከሚያገኘው ነጋዴ ይልቅ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚያየው ገበሬ እንዲያዳላ የሚያደርገው ምክንያት የለም። የአጎቴ ጉዳይ ያስረዳው ይህንኑ ነው።

እንዲህ ያለው ልማድ የኛ ብቻ አይደለም። በ11ኛው መቶ ዓመት በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ይነግዱ የነበሩት የማግሪብ አይሁድ ነጋዴዎች የጻፏቸው ደብዳቤዎች በካይሮ ተገኝተዋል። እነሱን የመረመረው አቭነር ግራይፍ እ. ኤ. አ. በ1989 እንዳስረዳው፣ አንድ ወኪል አንዱን ነጋዴ ካታለለ ሌሎቹም ሁሉ ካሣ እስኪከፍል ድረስ ሥራ ይነፍጉት ነበር። ወሬው በደብዳቤ ይዛመታል፤ ቅጣቱም ያለ ፖሊስ ይፈጸማል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው በማኅበሩ ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው።

በአገራችን በቅርብ ዘመን የተሞከረው ሌላው መንገድ ስምን ፈጽሞ ማስወገድ ነው። በአዋጅ ቍጥር 550/1999 የተቋቋመውና በ2000 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ፣ ዕቃው በመጋዘን ተመርምሮ ደረጃ እንዲሰጠውና ገዥው ሻጩን ሳያውቅ ደረጃውን እንዲገዛ አደረገ። በዚህ ዘዴ ማንም በሐሜት አይጎዳም፤ ጆንያው ከመሸጡ በፊት ይዘረገፋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በቡና ንግድ እንደ ታየው መልካም ያመረተው ገበሬ ስሙ ከሌላው ጋር ስለሚደባለቅበት የልፋቱን ዋጋ ሳያገኝ ይቀራል፤ የውጭ አገር ገዥዎችም የቡናውን መገኛ ለማወቅ ባለመቻላቸው ቅሬታ አሰምተዋል። እንግዲህ ሐሰተኛ ስም ክፉ ቢሆንም ስም አልባ መሆንም ጉዳት አለው።

የኢንተርኔት ገበያ

ኢቤይ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ የተመሠረተው እ. ኤ. አ. በ1995 ሲሆን በሚቀጥለው ዓመት ገዥና ሻጭ አንዱ በሌላው ላይ አስተያየት የሚጽፉበትን መዝገብ ከፈተ። ሐሳቡ በውጭ ሲታይ ሚዛናዊ ነበር፤ ሁለቱም ይመሰክራሉ፣ ሁለቱም ይመሰከርባቸዋል። ሬዝኒክና ዜክሃውዘር የተባሉ ሁለት ምሁራን እ. ኤ. አ. በ1999 የተደረጉትን ግዢዎች መርምረው ያገኙት ውጤት ግን የሚያስገርም ነው። ከገዥዎች 51.7 በመቶ፣ ከሻጮችም 60.6 በመቶ አስተያየት ሰጥተዋል። ገዥዎች ከሰጡት አስተያየት መካከል ነቀፌታ የሆነው 0.6 በመቶ፣ ሻጮች ከሰጡት መካከል ደግሞ 1.6 በመቶ ብቻ ነበር።

ይህን ቍጥር ያየ ሰው ዓለም በቅን ነጋዴዎች የተሞላ ነው ሊል ይችላል። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አንዱ ክፉ ከጻፈ ሌላው በበቀል መልሶ ክፉ ይጽፍበታል፤ ስለዚህ የተጎዳው ሰው ዝም ማለትን ይመርጣል። የተደሰቱት ደግሞ አንዱ ሌላውን ያወድሳሉ። በእኛ ቋንቋ የመጀመሪያው «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚባለው ነው፤ ሁለተኛው «እከክልኝ ልከክልህ» ነው። ምስክርነት በፍርሃትና በውለታ መካከል ሲወድቅ ምስክርነት መሆኑ ይቀራል።

ኢቤይ እ. ኤ. አ. በ2008 ደንቡን ለውጦ ሻጮች በገዥዎች ላይ ነቀፌታ እንዳይጽፉ ከለከለ። በዚህ የገዥው ፍርሃት ተወገደ፤ ነገር ግን የሻጩ አፍ ተዘጋ። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ገዥዎች ገንዘብ ካልተመለሰልን ወይም ዋጋ ካልተቀነሰልን ክፉ እንጽፋለን እያሉ ሻጩን ማስፈራራት ጀመሩ፤ ድርጅቱም ይህን የሚከለክል ደንብ አለው። ኤርቢኤንቢ የተባለው የማረፊያ ቤት አከራይ ገበያ ደግሞ እ. ኤ. አ. በ2014 ሌላ መንገድ ያዘ፤ እንግዳውና ባለቤቱ እያንዳንዳቸው የሚጽፉትን ሌላው ሳያየው ይጽፋሉ፣ ሁለቱም ከጻፉ ወይም 14 ቀን ካለፈ በኋላ በአንድነት ይገለጣል። ይህ ሁለት ምስክሮችን ለየብቻ አስወጥቶ ከመጠየቅ ጋር ይመሳሰላል፤ ዳኞች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ዘዴ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ግን ብዙው የኢንተርኔት ንግድ የሚካሄደው በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ. ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ገንዘብ ከሩቅ መላክ ቀላል ሆኗል። በነዚህ ገጾች መዝገቡን የያዘው ሻጩ ራሱ ነው፤ የሚያመሰግነውን ሰው ቃል ይለጥፋል፣ የሚያማርረውን ይሰርዛል። እንግዲህ የእንሴኖው ነጋዴና ደላሎቹ የነበራቸው ብልጫ በአዲሱ ገበያ አልጠፋም፤ ከበፊቱ ይልቅ በረታ እንጂ። ሕጉ ምንም አላለም ለማለት አይቻልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዥው ዕቃውን እንዳገኘ እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል፤ በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205ም በዚህ ዓይነት የሚደረገውን ውል ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል። ሆኖም ለአንድ ጫማ ወይም ለአንድ ጆንያ በርበሬ ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው።

የአንድ ሰው ስምና የወገን ስም

ስለ ፍትሕ ስንናገር ሳይነሣ የማይታለፍ ሌላ ነገር አለ። በቀድሞው ገበያ ስም የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ የወገኑም ነበር። ይህ ጥቅም ነበረው፤ ወገኑ እንዳይሰደብ ሲል ሰው ከማታለል ይቆጠባል። ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ አያንስም። በጉራጌ አገር ፉጋ በሚል ስም ይጠሩ የነበሩት የእጅ ባለሙያዎች የቤቱን ምሰሶ ያቆሙ፣ ሸክላውን ይሠሩ ነበር። ዊልያም ሻክ እ. ኤ. አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ኅብረተሰብ ተለይተው መሬት እንዳይዙና ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተከልክለው ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ተፈላጊ ነበር፤ ራሳቸው ግን እንደ እኩል ሰው አልተቈጠሩም። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ስም የወጣላቸው ሰዎች ስለ ገዣቸው ምን ምስክርነት ሊሰጡ ይችሉ ነበር?

አዲሱም ገበያ ከዚህ ንጹሕ አይደለም። እ. ኤ. አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ አገር በኤርቢኤንቢ ማረፊያ ከጠየቁት እንግዶች መካከል ስማቸው የጥቁር አሜሪካውያን የሆነው ሰዎች ተቀባይነት የማግኘት ዕድላቸው በ16 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በኛም አካባቢ ነገሩ ከንግድ በላይ የሚያሰጋ ነው። በ2011 ዓ. ም. መጀመሪያ በእንሴኖና በአካባቢዋ በመስቃንና በማረቆ ሕዝቦች መካከል በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የዚያ ግጭት ምክንያት የበርበሬ ንግድ ነው አልልም። ነገር ግን በአንድ ገበያ ሲገበያዩ የኖሩ ሰዎች የአንዱን ጥፋት የወገኑ ሁሉ ጥፋት አድርገው የሚቈጥሩበት ልማድ በሰላም ጊዜ ከተለመደ፣ በክፉ ቀን የሚያስከትለው ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ገበያ የተለያዩ ሕዝቦች በየሳምንቱ የሚገናኙበት ቦታ ነውና የአንድ ሰው ጥፋት በዚያው ሰው ላይ ብቻ እንዲቀር ማድረግ ከገበያው ጥቅም የሚበልጥ ጥቅም አለው።

መደምደሚያ

እስካሁን ከተመለከትነው የሚከተለውን መረዳት ይቻላል። የገዥና የሻጭ ምስክርነት ጥንታዊ ነገር ነው፤ ያለ እሱም ንግድ ከሚተዋወቁ ሰዎች ክልል አይወጣም። ነጋድራሱ፣ ዋሱ፣ ደላላውና ሽማግሌው በቀድሞው ገበያ የያዙትን ቦታ በአዲሱ ገበያ ኮከብና አስተያየት ሊይዙት ሞክረዋል። ነገር ግን ኮከብ ቃልን ይሰበስባል እንጂ ጆንያ አያዘረግፍም፤ ሚዛንም አይፈትንም።

ስለዚህ ለፍትሕ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ሁለቱም ወገኖች የሌላውን ቃል ሳያዩ እንዲመሰክሩ፤ እንዲህ ሲሆን በቀልና ውለታ ይቀንሳሉ። ሁለተኛ፣ መዝገቡ ከሁለቱ በአንዱ እጅ እንዳይሆንና ክርክር ሲነሣ ዕቃውንና ሚዛኑን የሚመረምር ሦስተኛ ሰው እንዲኖር። ሦስተኛ፣ ምስክርነቱ ከፍርዱ ጋር አብሮ እንዲጻፍ፣ የታረመም ጥፋት እንደ ታረመ እንዲታወቅ።

ዛሬ የእንሴኖ ወጣቶች የዘመዶቻቸውን በርበሬ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተው አዲስ አበባ ላሉ ገዥዎች ለማሳየት ይችላሉ። እነዚህ ወጣቶች ከአዲሱ ዘዴ ጋር የሽማግሌዎቹን ሥርዓት ጨምረው ቢይዙ፣ የጆንያውን አፍ ብቻ ሳይሆን የተዘረገፈውን በርበሬ ቢያሳዩ፣ ገዥው ስለከፈለበት ቀንና ስለመዘነበት ሚዛን እነሱም በበኩላቸው ቢጽፉ፣ ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ገበያ መውጣቱ የሚያስከትልበት ጉዳት ይቀንሳል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው አባባል በአገራችን የታወቀ ነው። አጎቴ ዛሬም በርበሬ ይዘራሉ፤ የዚያን ቀን ፍርድ ተጽፎ ቢቀመጥ ኖሮ በርበሬያቸውን በሰው ስም ለመሸጥ ባልተገደዱ ነበር።